ወደ ፓይተን 3.12 ስንሸጋገር ሞጁላችን በሊኑክስ አንድ፣ በዊንዶውስ ሌላ ሆነብን፤ ጥገኝነቶቹን (ሞጁሉ የሚመካባቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች) እንዴት እናድስ?

ጥያቄ፦ ባለሞጁሉ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው ጋር የሚያመሳክር፣ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር የሚናገር፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ሞጁል (ሌሎች ስክሪፕቶች የሚጠሩት ኮድ) ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነን እንጠብቃለን። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። የሚጠቀሙበት ሰዎች አብዛኞቹ ሙያቸው ፕሮግራም መጻፍ አይደለም፤ ለክሊኒክ ቀጠሮ፣ ለተማሪዎች መዝገብ፣ ለዕቁብ ሒሳብ አጭር ስክሪፕት የሚጽፉ ናቸው። ሞጁሉ ሲሰበር ውስጡን ከፍተው የሚያቃኑ ስላልሆኑ እኛ ላይ ያለው ኃላፊነት ከባድ ነው።

ሰርቨራችን ወደ ፓይተን 3.12 ካደገ በኋላ ችግሮቹ ተከታትለው መጡ። በሊኑክሱ ሰርቨር ላይ ሞጁሉ በሰላም ይጫናል፤ ስክሪፕት ሲጠራው ግን «ዲስትዩቲልስ የሚባል ሞጁል የለም» ብሎ ይቆማል። ዲስትዩቲልስ ከፓይተን ጋር ይመጣ የነበረ የፓኬጅ መገንቢያ ነው፤ በእኛ ኮድ የገባው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሌላ ላይብረሪ ቨርዥን ከሚፈለገው ያላነሰ መሆኑን ለማነጻጸር።

በዚሁ አጋጣሚ የሰዓት ክልልን የሚያሰላልንን ፓይቲዜድን አውጥተን ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው ዞንኢንፎ ተካነው። በሊኑክስ ሠራ። ዊንዶውስ በያዘችው ባልደረባችን ኮምፒውተር ላይ ግን የአዲስ አበባ የሰዓት ክልል አልተገኘም ይላል። እዚያው ዊንዶውስ ላይ ሌላም አለ፤ የወራቱን ስሞች ከኮዱ አውጥተን ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል ወስደናቸዋል፣ የመጀመሪያው መስመር «መስከረም» ነው፣ ፋይሉ ሲነበብ «ቻርማፕ በቦታ 14 ላይ ያለውን ባይት ሊፈታው አልቻለም» የሚል ስህተት ይመጣል። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደላት በባይት በሚጽፈው ደንብ) መቀመጡን አረጋግጠናል።

ከሁሉም ያደናገረኝ የመጨረሻው ነው። ፓይቲዜድ ከወጣ ወዲህ ለዓመታት ያለ እንከን ሲያልፉ የኖሩ፣ የኮዱን ውጤት የሚፈትሹ ሙከራዎች ወደቁ። በሁሉም ላይ ልዩነቱ አንድ ዓይነት ነው፦ 33 ደቂቃ።

ወደ ቀድሞው ተመልሰን ሁሉንም ጥገኝነት በነበረበት ቨርዥን ላይ ብናስረው ይሻላል? ወይስ እየፈታን እንሂድ?


መልስ፦ ባለሊኑክስ

እየፈታችሁ ሂዱ። ከዲስትዩቲልስ ልጀምር፤ እርሱ ቀላሉ ነው።

ዲስትዩቲልስ ከፓይተን 3.10 ጀምሮ እንደሚወገድ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥበት ቆይቶ በ3.12 ላይ፣ ማለትም በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ.፣ ጨርሶ ወጥቷል። ሲጫን ዝም ብሎ ሲጠራ የሚወድቅበት ምክንያት አለው። ፒፕ (የፓይተን ፓኬጆችን የሚጭነው መሣሪያ) አንድን ፓኬጅ ሲገነባ ለግንባታው ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ አካባቢ ያዘጋጅና ሰትአፕቱልስ የተባለውን የግንባታ መሣሪያ እዚያ ያስገባል። ሰትአፕቱልስ የራሱ የዲስትዩቲልስ ቅጂ ስላለው ግንባታው ያልፋል። ግንባታው እንዳበቃ ያ ጊዜያዊ አካባቢ ይጠፋል፤ ሞጁሉ በተጠቃሚው ዘንድ ሲጠራ ግን የሚደግፈው የለም። በ3.12 አዲስ የሚፈጠሩ የቨርችዋል አካባቢዎችም (ለአንድ ፕሮጀክት ተለይተው የሚዘጋጁ የፓይተን ማኅደሮች) ሰትአፕቱልስን አብረው ይዘው አይመጡም።

«ሰትአፕቱልስን በጥገኝነት ጨምሩበት፣ ያልፋል» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ያልፋል፤ ነገር ግን ለአንዲት የቨርዥን ማነጻጸሪያ ብላችሁ የግንባታ መሣሪያን በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ መጫናችሁ ነው። ትክክለኛው ምትክ ፓኬጂንግ የተባለው ላይብረሪ ውስጥ ያለው የቨርዥን ክፍል ነው። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፤ የድሮው የዲስትዩቲልስ ማነጻጸሪያ «ሉስቨርዥን» ማንኛውንም ጽሑፍ ይቀበል ነበር፣ አዲሱ ደንቡን ያልጠበቀ የቨርዥን ስም ሲያይ ስህተት ያነሣል። ከዚህ ለመሸሽ ብላችሁ ቨርዥኖቹን እንደ ተራ ጽሑፍ እንዳታነጻጽሩ። በጽሑፍነት ከታዩ 3.10 ከ3.9 ያንሳል።

ማሰርን በተመለከተ፦ ሞጁል እና ፕሮግራም አንድ አይደሉም። የክሊኒኩ ስክሪፕት የመጨረሻው ተጠቃሚ ስለሆነ ሁሉንም ቨርዥን በትክክል ቆርጦ ቢያስር ይጠቀማል። ሞጁል ግን ከሌሎች ሞጁሎች ጋር ጎን ለጎን የሚኖር ነው። እናንተ የፓኬጂንግን አንድ ቨርዥን ብቻ ብትፈቅዱ፣ ሌላው ሞጁል ደግሞ ሌላ ቢጠይቅ፣ ፒፕ ሁለቱን ማስታረቅ ያቅተውና ተጠቃሚው መሐል ላይ ይቀራል። ዝቅተኛውን ወሰን ጻፉ፤ የላይኛውን ወሰን እንደሚሰብራችሁ በእርግጥ ስታውቁ ብቻ ጨምሩ።


መልስ፦ የዊንዶውስ ወገን

ወንድሜ፣ የባልደረባህ ኮምፒውተር ምንም አልሆነም፤ የእኔም እንዲሁ ያደርጋል። ዞንኢንፎ የራሱ የሰዓት ክልል መረጃ የለውም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ካስቀመጠው ቋት ነው የሚያነበው። ሊኑክስ እና ማክ ይህ ቋት አላቸው። ዊንዶውስ የሰዓት ክልሎችን በራሱ መንገድ ስለሚይዝ ዞንኢንፎ የሚፈልገውን ዓይነት ፋይል አያገኝም። ፓይተን በዚህ ጊዜ «ቲዜድዳታ» የተባለውን ፓኬጅ ይፈልጋል፤ እርሱ ካለ ከእርሱ ያነባል። ስለዚህ መፍትሔው ቲዜድዳታን በጥገኝነት ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ነው።

ብዙ ሰው ለዊንዶውስ ብቻ የሚል ቅድመ ሁኔታ ያክልበታል። የምታክሉ ከሆነ የመድረኩ ስም «ዊን32» መሆኑን እወቁ፤ 64 ቢት ዊንዶውስም ቢሆን በፓይተን ዘንድ ስሙ ያው ነው። እኔ ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ ብታስገቡት እመርጣለሁ። ፓኬጁ ከግማሽ ሜጋባይት ያነሰ ነው፤ የሰዓት ክልል ቋት የሌለባቸው ትናንሽ የሊኑክስ ኮንቴይነሮችም (ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ተቀንሰው የሚዘጋጁ የሊኑክስ አካባቢዎች) አሉ።

ወደ ፋይሉ ልምጣ። ቦታ 14 ላይ ያለው ባይት የ«ም» ነው። እንቁጠረው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ መ፣ ስ፣ ከ፣ ረ ከዜሮ እስከ 11 ያሉትን ቦታዎች ይወስዳሉ። «ም» 12ን፣ 13ን እና 14ን ይይዛል፤ ባይቶቹም 225፣ 136 እና 157 ናቸው። የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የሚጻፉበት የዊንዶውስ ኮድ ገጽ 1252 ለ157 የመደበው ፊደል የለም፤ ስለዚህ እዚያ ይቆማል። ፓይተን ፋይል ሲከፍት ኢንኮዲንጉ (ፊደላቱ በባይት የተጻፉበት ደንብ) ካልተነገረው የኮምፒውተሩን ነባሪ ይወስዳል፤ በሊኑክስ ያ ነባሪ በአብዛኛው ዩቲኤፍ-8 ነው፣ በእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ደግሞ 1252። ስሞቹ ኮዱ ውስጥ ሳሉ ችግር ያልነበረው የፓይተን 3 የኮድ ፋይል በሁሉም ቦታ በዩቲኤፍ-8 ስለሚነበብ ነው።

ልብ እንድትሉት የምፈልገው ስህተት ሳያሳይ የሚያልፈውን ነው። «ሰኔ» እና «ጥር» ብቻ ያለበት ፋይል ቢሆን ኖሮ ዊንዶውስ ያለ ምንም ቅሬታ ያነበው ነበር፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ስም ሁለት ፊደላት ስድስት ትርጉም አልባ ምልክቶች ይሆናሉ። «ም» ባይኖር መዝገቡ በዝምታ ተበላሽቶ ነበር። ስለዚህ ፋይል በሚከፈትበት በእያንዳንዱ ቦታ፣ ሲነበብም ሲጻፍም፣ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 በሁሉም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነባሪ እንዲሆን ተወስኗል፤ ተጠቃሚዎቻችሁ ሁሉ እዚያ እስኪደርሱ ግን ረጅም ጊዜ ነው።

ሌላም፦ ያ የጽሑፍ ፋይል በምትገነቡት ፓኬጅ ውስጥ መካተቱን ተመልከቱ። የግንባታ መሣሪያው የኮድ ፋይሎችን ያገኛል፤ የጽሑፍ ፋይል ግን በፓኬጅ ዝርዝሩ ካልተጠቀሰ ሊቀር ይችላል። ሲነበብም በአንጻራዊ ዱካ ሳይሆን በኢምፖርትሊብ ሪሶርስስ (በፓኬጅ ውስጥ ያሉ ፋይሎችን በሚያነበው የፓይተን ክፍል) በኩል ይሁን፤ አለበለዚያ የሚሠራው ከፕሮጀክቱ ማኅደር ውስጥ ሲነሣ ብቻ ነው።


መልስ፦ ከሪያድ

33 ደቂቃ የሚለውን ሳነብ ደነገጥሁ። ሞጁላችሁን እጠቀማለሁ፤ ደሴ ካሉት ቤተሰቦቼ ጋር የምንደዋወልበትን ሰዓት ወደ ስልኬ ካላንደር የሚልክ ስክሪፕት አለኝ። ክልሉን አዲስ አበባ ስለው ማስታወሻው 33 ደቂቃ ዘግይቶ ይደውላል። ሪያድ ስለው ደግሞ 7 ደቂቃ ይቀድማል። ሪያድ እና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። የስልኬ ችግር ነው ብዬ ስልክ ቀይሬያለሁ።


መልስ፦ ከቨርጂኒያ

የሪያዱ ወንድማችን የጻፈው ጉዳዩን ይዘጋዋል።

የሰዓት ክልል ቋቱ ለእያንዳንዱ ክልል ታሪክ ይይዛል፤ የታሪኩ መጀመሪያ መደበኛ ሰዓት ከመታወጁ በፊት በፀሐይ ይለካ የነበረው የከተማው ሰዓት ነው። ፓይቲዜድ የተሠራው ክልሉ በራሱ «ሎካላይዝ» በተባለ ተግባር በኩል ከቀኑ ጋር እንዲያያዝ ነው። ያን ሳታደርጉ ክልሉን ቀኑ ሲፈጠር በቀጥታ ከሰጣችሁት፣ ትክክለኛውን ዘመን የሚመርጥለት ስለሌለ የታሪኩን የመጀመሪያ መስመር ይወስዳል። አዲስ አበባ በቋቱ ውስጥ ከናይሮቢ ጋር የተያያዘች ናት፤ የናይሮቢ የፀሐይ ሰዓት 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነው። ከ3 ሰዓት የሚጎድለው 33 ደቂቃ። የሪያድ 3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው፤ ትርፉ 7 ደቂቃ። እዚህ እኔ ባለሁበት የኒው ዮርክ ክልል በክረምት 4 ደቂቃ፣ ሰዓት በሚገፋበት በበጋ ደግሞ 56 ደቂቃ ያሳስታል።

ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነ ቀጠሮ ወደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ተቀይሮ ሲወጣና ሌላ መሣሪያ ሲያነበው 3 ሰዓት ከ33 ይሆናል። ዞንኢንፎ ይህ ጉድለት የለበትም፤ በቀጥታ ቢሰጠውም ትክክለኛውን ያሰላል። የወደቁት ሙከራዎች እንደሚጠበቅ ውጤት የያዙት የቀድሞውን ኮድ የተሳሳተ ውጤት ነው። መስተካከል ያለባቸው ሙከራዎቹ ናቸው። እባካችሁ ሙከራው እንዲያልፍ ተብሎ በኮዱ ውስጥ 33 ደቂቃ የሚጨምር መስመር እንዳይገባ፤ እንዲህ ያለ መስመር አይቻለሁ፣ ከገባ በኋላ ደፍሮ የሚያወጣው አይገኝም።


ጥያቄ፦ ባለሞጁሉ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኮዱን ታሪክ ተመለከትሁ፤ ክልሉ በቀጥታ እየተሰጠ ነው የኖረው። እዚያው አገር ውስጥ የሚታየው ሰዓት ስላልተነካ፣ ጉድለቱ የወጣው ወደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ሲቀየር ብቻ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሰዎች እስካሁን ያስቀመጡትስ መዝገብ? ደግሞም ዞንኢንፎ የመጣው በፓይተን 3.9 ነው፤ በ3.8 ላይ ያሉ ተጠቃሚዎች አሉን።


መልስ፦ ከቨርጂኒያ

መዝገቡን በጅምላ 33 ደቂቃ ወደ ኋላ አትግፉ። በአገር ውስጥ ሰዓት የተቀመጠው ትክክል ነው፤ የተበላሸው በአሮጌው ሞጁል ተቀይሮ በዓለም አቀፍ ሰዓት የተቀመጠው ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቀው የመዝገቡ ባለቤት ብቻ ነው። የእናንተ ሥራ በለውጥ ማስታወሻው የመጀመሪያ መስመር ላይ ጉዳቱ ከየትኛው ቨርዥን እስከ የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው ተግባር በኩል እንደገባ፣ በምሳሌ አስደግፎ በአማርኛ መጻፍ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ከጻፋችሁት የክሊኒኩ መዝገብ ያዥ ላያነበው ይችላል።


መልስ፦ ባለሊኑክስ

3.8ን ተዉት። ድጋፉ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ የ3.9ም ከአንድ ዓመት በኋላ ተከትሎታል። የደኅንነት ማስተካከያ የማይወጣለትን ቨርዥን ተሸክሞ መሄድ ለማንም አይበጅም።


መልስ፦ የኮሌጅ መምህር

ልጄ፣ «ተዉት» ከማለትህ በፊት 3.8 ላይ ያለው ማን እንደሆነ ጠይቅ። እኔ የማስተምርበት ክፍል ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 7 ናቸው፤ በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። ተማሪዎቼ እዚያ የቀሩት ማደስ ጠልተው አይደለም፤ ማሽኑ ስለማይፈቅድላቸው ነው። ኢንተርኔታችንም ደካማ ስለሆነ ፓኬጆቹን በሌላ ቦታ በፒፕ አውርጄ በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፣ ከዚያ ፒፕን ከኢንተርኔት ሳይሆን ከዚያ ማኅደር ጫን እለዋለሁ። አዲሱ ቨርዥን የእኛን ማሽኖች ያለ ማስጠንቀቂያ ቢሰብራቸው የሴሚስተሩ ሥራ ይቆማል።

መካከለኛ መንገድ አለ። በፓኬጁ መግለጫ ውስጥ የሚፈለገውን ዝቅተኛ የፓይተን ቨርዥን ጻፉ። ያ ከተጻፈ ፒፕ በ3.8 ላይ ሲጠራ አዲሱን ትቶ ከሚስማሙት ውስጥ የመጨረሻውን ይመርጣል። ካልተጻፈ ግን አዲሱን ያወርድና ሲጠራ ይወድቃል። እና ከመለያየታችሁ በፊት በአሮጌው መስመር አንድ የመጨረሻ እትም አውጡልን፤ ፓይቲዜድን እንደያዘ፣ ነገር ግን በሎካላይዝ በኩል። የ33 ደቂቃው ጉድለት ለእኛም ይስተካከልልን።


መልስ፦ ባለሊኑክስ

ጋሼ፣ ይህ ይሻላል፤ እቀበላለሁ። የመጨረሻ እትም ይውጣላቸው፤ ከዚያ በኋላ በዚያ መስመር አዲስ ነገር እንደማይጨመር በግልጽ ይጻፍ። «ባክፖርትስ ዞንኢንፎ» የሚባል ለአሮጌ ፓይተን የተዘጋጀ ፓኬጅም አለ፤ እርሱን ግን አልመክርም። አንዱ ክፍል በሲ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ለአሮጌው ማሽን የሚስማማውን ፋይል ለይቶ አውርዶ በፍላሽ ማድረስ ለጋሼ ተጨማሪ ጣጣ ነው። ፓይቲዜድ ሙሉ በሙሉ በፓይተን የተጻፈ በመሆኑ በየትኛውም ማሽን ቢወርድ ያው ነው።


መልስ፦ ማክ ተጠቃሚ

ያልተነሡ ሁለት ነገሮችን ከኮዳችሁ አይቻለሁ። የቀኑን ቁጥር ከፊቱ ዜሮ ሳይኖረው ለማሳየት በቀን ቅርጸቱ ውስጥ ከፐርሰንት ምልክቱ ቀጥሎ ሰረዝ ተጠቅማችኋል። በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ በዊንዶውስ ላይ ቅርጸቱ ትክክል አይደለም ይላል። ዊንዶውስ በሰረዙ ቦታ የሚቀበለው ሌላ ምልክት ነው፤ ሁለቱን እያማረጡ ከመጻፍ የቀኑን ቁጥር ራሱን ወስዶ ማሳተም ይቀላል።

ሁለተኛው የልደት ቀኖች ናቸው። ቀኑን ከ1970 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ሰከንዶች ታሰላላችሁ። ከዚያ ቀን በፊት ለተወለደ ሰው ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ማክና ሊኑክስ ያሰሉታል፣ በዊንዶውስ ግን በብዙ የፓይተን ቅጂዎች ላይ ስህተት ያነሣል። የእናቶቻችንና የአባቶቻችን መዝገብ የሚያዝበት ክሊኒክ ይህን በየቀኑ ያገኘዋል። ከመነሻው ቀን ላይ የሰከንዶቹን ርዝመት በመደመር ብታሰሉት በሦስቱም ላይ አንድ ይሆናል።


ባለሞጁሉ

ሁሉንም አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ለውጥ ለብቻው እያስገባን ጨረስን። አሁን በባልደረባችን ዊንዶውስ ላይ ሙከራዎቹ ሁሉ ያልፋሉ። የአሮጌው መስመር የመጨረሻ እትም በሎካላይዝ ተስተካክሎ ወጥቷል፤ ጋሼ በፍላሽ ሊወስዱት ይችላሉ። አዲሱ ከ3.10 ጀምሮ ነው። የለውጥ ማስታወሻውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፈነዋል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ሁላችን ዊንዶውስና ማክ የለንም። ከእንግዲህ በየጊዜው በምን እንፈትሸው?


መልስ፦ የዊንዶውስ ወገን

ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ለክፍት ፕሮጀክቶች በሦስቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ ሙከራን በነፃ ያስኬዳል። ሦስቱን ሲስተሞች ከምትደግፏቸው የፓይተን ቨርዥኖች ጋር አጣምራችሁ ለውጥ በገባ ቁጥር እንዲሠራ አድርጉት። በእናንተ ላይ የሚቃጠል ኢንተርኔት የለም፤ ሥራው በእነርሱ ማሽን ነው። ኮዱ ሳይቀየርም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይሂድ፤ ጥገኝነቶች እናንተ ሳትነኳቸው ይታደሳሉና።

ሁለት ማብሪያዎችን አብሩ። አንደኛው የሚወገዱ ነገሮችን ማስጠንቀቂያ ወደ ስህተት ይቀይራል፤ ያ በ3.10 ላይ በርቶ ቢሆን ዲስትዩቲልስ እንደሚወጣ ሁለት ዓመት ቀድሞ በታወቀ ነበር። ሁለተኛው ከ3.10 ጀምሮ ያለ ነው፤ ፋይል ያለ ኢንኮዲንግ የተከፈተበትን ቦታ ሁሉ ያስጠነቅቃል፣ በሊኑክስ ላይ ሆኖም ቢሆን። ዊንዶውስ ለሌላችሁ ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው።


መልስ፦ ከቨርጂኒያ

ቲዜድዳታን በአንድ ቨርዥን አትሰሩት። አገሮች የሰዓት ሕጋቸውን ይቀይራሉ፤ ግብፅ ትታው የነበረውን የበጋ ሰዓት በ2023 እ.ኤ.አ. መልሳለች። ቋቱ በዓመት ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታደሰው ለዚህ ነው።

ከሙከራዎቹ ውስጥ ደግሞ እነዚህ አይጥፉ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ላይ መዋሉን፣ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑን፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 በፊት ያለ አንድ የልደት ቀን፣ እና በአዲስ አበባና በሪያድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ሲቀየር ሁለቱም ያለ ልዩነት አንድ መሆናቸውን።


መልስ፦ ከሪያድ

አዲሱን ጭኜ ሞከርሁት። ሁለቱም አንድ ሆነዋል።